«አስራ አንድ በአንድ» የተባለውን የኪስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በቴሌግራም «አስራ አንድ በአንድ» እየተባለ የሚሸጠውን፣ አስራ አንድ አገልግሎት ይሰጣል የተባለለትን የብረት ካርድና አብሮት የሚመጣውን በገመድ የተጎነጎነ የእጅ አምባር ለመግዛት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት እንዲያነበው ነው። እኔ ለሁለቱ 1,800 ብር ከፍያለሁ። ክፍያው አስቀድሞ በሞባይል ተላለፈ፤ ዕቃው ታሽጎ በሞተረኛ ደረሰ፤ ደረሰኝ አልነበረውም። ከሳምንት በኋላ መርካቶ ውስጥ ያንኑ ካርድ፣ በዚያው ማሸጊያ፣ የማሸጊያው የፊደል ስህተት እንኳ ሳይቀር፣ በ250 ብር ሲሸጥ አየሁት። ዋናው ቅሬታዬ ግን የዋጋው ልዩነት አይደለም፤ ዕቃው በ250 ብርም ቢሆን የሚገዛ አይደለም።

እንዲህ ያለ ዕቃ ለምን እንደሚያጓጓ አልክድም። አባቴ ከቤቱ ቁልፍ ጋር የሚያንጠለጥላት፣ ስትታጠፍ 58 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም ቀይ የቪክቶሪኖክስ ሰንጢ ነበረችው፤ ክር ለመቁረጥ መቀሷ፣ እሾህ ለማውጣት ወረንጦዋ፣ የላላ የመነጽር ብሎን ለማጥበቅ የሞረዷ ጫፍ ሁልጊዜ ከኪሱ አይጠፋም ነበር። የመሣሪያ ሣጥን ተሸክሞ የሚዞር ሰው የለም፤ ቁልፍ፣ ቀበቶና የኪስ ቦርሳ ግን ሁላችንም ይዘን ነው የምንወጣው፤ ስለዚህ መያዛችን የማይቀረው ነገር በችግር ጊዜም ይድረስልን ብሎ ማሰብ ሞኝነት አይደለም። በነገራችን ላይ፣ ያቺ ሰንጢ ሰባት አገልግሎት አላት ሲባል ከሰባቱ አንዱ የቁልፍ ቀለበቷ ነው። ቁጥር ማሳመርን የታወቁት ሠሪዎችም ያውቁበታል ማለት ነው፤ የአባቴ ሰንጢ ግን የቀሩት ስድስቱም ይሠሩ ነበር።

የእኔን ካርድ አስራ አንድ አገልግሎቶች ተቀምጬ ቆጠርኳቸው። ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አንድ ተብሎ ተቆጥሯል። በጠርዙ ላይ የተጫሩት የማስመሪያ ምልክቶች ሌላ አንድ ናቸው። የብሎን መፍቻ ቀዳዳዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ሊሠሩ የታሰቡ ሆነው ሳለ በሦስት ስም ተከፋፍለዋል። «አቅጣጫ አመላካች» የተባለው ደግሞ መርፌም ማግኔትም የሌለው፣ ብረቱ ላይ የታተመ የመስመር ድርድር ነው። ቆርኪ መክፈቻው በርግጥ ይከፍታል፤ ይህን ግን የሸክላ ጠርዝም ይከፍተዋል።

ዕቃውን በእውነት የፈተንኩት መኪናዬ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ ባለች ጊዜ ነው። የባትሪው ማሰሪያ ላልቶ ነበር፤ ዳዶው እንደ አብዛኞቹ ቶዮታዎች የ10 ሚሊ ሜትር ቁልፍ የሚፈልግ ነው። ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ 10 ተብሎ የተጻፈበትን ቀዳዳ አጠለቅሁበትና ማዞር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሩብ ዙር ተንሸራተተ፤ በሁለተኛው የዳዶውን ሁለት ጠርዞች በላ፤ በሦስተኛው ካርዱ ራሱ በመሐሉ ተቀለሰ፤ የአውራ ጣቴን ቆዳም ጭሮኝ ሄደ። የመጣው መካኒክ ቀዳዳውን በካሊፐር ለክቶ 10.6 ሚሊ ሜትር መሆኑን አሳየኝ፤ ከዚያም የተበላውን ዳዶ በፒንሳ ጨብጦ አወጣና አዲስ ገጠመልኝ። ለዚህ የከፈልኩት ገንዘብ አንድ ደህና የ10 ቁልፍ ይገዛ ነበር።

ችግሩ እኔ የገዛሁት አንዱ ካርድ ብልሹ ሆኖ የመጣ አይደለም፤ ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። ካርዱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚወፍር ዳዶውን የሚይዘው በቀጭን መስመር ነው፤ እጀታ ስለሌለው ጉልበቱን ሁሉ የሚሸከመው የጣት ቆዳ ነው። ስለት እንዲሆን የተሳለው ጎንም በሙቀት የጠነከረ ብረት ይፈልጋል። እዚህ ላይ በተለይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በማስታወቂያው ቪዲዮ ሻጩ ማግኔት ያስጠጋና ካርዱ እንደማይሳብ እያሳየ «እውነተኛ ስቴንለስ» ይላል። ማግኔት የማይስበው ስቴንለስ ማንኪያና ሳህን የሚሠራበት ዓይነት ሲሆን ዝገትን ይቋቋማል እንጂ በእሳት ነድዶና ቀዝቅዞ አይጠነክርም፤ የቢላዋ ስቴንለስ ግን በማግኔት ይሳባል። ሻጩ ማረጋገጫ ብሎ ያቀረበው ፈተና እንግዲህ ስለቱ ስለት እንደማይሆን የሚመሰክርበት ነው። የእኔው ለሁለት ካርቶን ብቻ አገለገለ፤ ከዚያ በኋላ የፕላስቲክ ማሰሪያ እንኳ መቁረጥ አቃተው።

አምባሩን ባጭሩ ልለፈው። «550 ፓራኮርድ» ይላል፤ ቁጥሩ 550 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 250 ኪሎ ግራም የሚደርስ ክብደት የሚሸከም የፓራሹት ገመድ ማለት ሲሆን፣ ትክክለኛው ገመድ በሽፋኑ ውስጥ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ የተፈተሉ ክሮች ይኖሩታል። ጫፉን በመቀስ ቆርጬ ስከፍተው ያገኘሁት ያልተፈተለ፣ ሲነኩት እንደ ጥጥ የሚበታተን ነጭ ጭረት ነው። አምባሩ ላይ ያለችውን፣ እሳት መጫሪያ የተባለችውንም ዘንግ፣ ጥቁሩ ሽፋን መጀመሪያ መፋቅ እንዳለበት ስለማውቅ፣ ፍቄ ደጋግሜ ሞከርኳት፤ አንድም ብልጭታ አልሰጠችም። ይህን አምኖ ተራራ የሚወጣ ሰው ቢኖር ላይተር በኪሱ ይያዝ።

ለመንገደኞችም አንድ ቃል አለኝ። ካርዱ በኪስ ቦርሳ ውስጥ ከባንክ ካርዶች ጋር ስለሚቀመጥ ባለቤቱ ራሱ ይረሳዋል፤ የፍተሻ ማሽን ግን አይረሳውም። እንዲህ ያለ ስለት ያለው መሣሪያ በብዙ አየር ማረፊያዎች ከእጅ ሻንጣ ጋር አይገባም፤ የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ፍተሻ የስለቱን ርዝመት ሳይለይ ይከለክላል። ወይ ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ፣ ወይ ቤት ይቅር።

ዕቃውን ለመመለስ በአራተኛው ቀን ለሻጩ ጻፍኩለት። «የፕሮሞሽን ዕቃ አይመለስም» አለኝና ወዲያው ዘጋኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ «ፕሮሞሽን» የሚባል ሰበብ ይህን መብት አይሽረውም። ይሁንና ደረሰኝ የሌለው፣ አድራሻው የማይታወቅ፣ ገንዘቡም በሌላ ሰው ስም በተከፈተ ሒሳብ የገባለት ሻጭ በየትኛው ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይከሰሳል? ስለዚህ ዕቃው በእጃችሁ ሳይገባ አትክፈሉ፤ ሞተረኛው ቆሞ ሳለ ማሸጊያውን ክፈቱና የካርዱን ሁለት ጫፎች ይዛችሁ ለመቀለስ ሞክሩ። «አይከፈትም» ከተባላችሁ ሞተረኛውን ከነዕቃው መልሱት።

ትናንት ማታ ያው ቪዲዮ፣ ያው አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር የለጠፈ እጅ እየታየበት፣ በሌላ የቻናል ስም ተለጥፎ አገኘሁት። ዋጋው 2,200 ብር ሆኗል፤ ካርዱም አሁን «አስራ ስምንት በአንድ» ነው።