ለመንዳት አስተማሪዬ ለጋሼ ምስጋና፤ ሰው አገር መንጃ ፈቃድ ለምታወጡ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። የመንዳት አስተማሪ ናቸው። ተማሪዎቻቸው ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ እኔም እዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚያስተምሩት በአብዛኛው እንደ እኔ ያለውን ሰው ነው፤ በአገሩ ለዓመታት ሲነዳ ኖሮ፣ ሌላ አገር ሲገባ የያዘው መንጃ ፈቃድ አልሠራ ያለውን።

ያለሁበትን አገር ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። የመንጃ ፈቃድ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። የእኔን አንብቦ ሌላ ቦታ ላይ የሚተማመንበት ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው። ጋሼ ያስተማሩኝ ነገር ግን አብዛኛው የትም ይሠራል። ስለዚህ እያመሰገንኩ ትምህርቱንም አካፍላችኋለሁ።

መጀመሪያ የደወልኩላቸው የትምህርቱን ዋጋ ልጠይቅ ነበር። እሳቸው ዋጋውን ቆይ አሉና፣ «ልጄ፣ የመጣሽው ለጉብኝት ነው ወይስ ልትኖሪ?» አሉኝ። ቀጥለው የመኖሪያ ፈቃዴ መቼ እንደወጣ ጠየቁኝ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ኖሯል።

ለጉብኝት የመጣ ሰው ብዙ አገር ላይ የራሱን መንጃ ፈቃድና ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለውን ደብተር ይዞ መንዳት ይችላል። ደብተሩ የአገር ቤቱን ፈቃድ በተለያዩ ቋንቋዎች የሚተረጉም ሰነድ ነው። ዋናው ፈቃድ አብሮት ከሌለ ዋጋ የለውም። የሚወጣውም ፈቃዱን በሰጠው አገር ስለሆነ፣ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ነው የሚታሰብበት። ዓይነቱም አንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቫ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ለ1 ዓመት ያገለግላል። በ1968ቱ የቪየና ስምምነት የሚሰጠው እስከ 3 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። የሚሄዱበት አገር የትኛውን እንደሚቀበል ሳያጣሩ መነሳት ጣጣ ነው። ጃፓን ለምሳሌ የምትቀበለው የ1949ኙን ነው፤ የ1968ቱን ደብተር ይዞ የሄደ መኪና መከራየት አይችልም። ዋናው ቻይና ደግሞ አንዱንም አይቀበልም።

ሊኖር የመጣ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ቀን ይቆጠርበታል። ከአውሮፓ ውጭ ፈቃድ ያወጣ ሰው ብሪታንያ ውስጥ ነዋሪ ከሆነ በኋላ በፈቃዱ መንዳት የሚችለው ለ12 ወር ነው። ጀርመን ለ6 ወር ትፈቅዳለች። አሜሪካ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት በመሆኑ ሕጉም በየስቴቱ ይለያያል። ቀኑ ካለፈ በኋላ መንዳት ያለ ፈቃድ እንደመንዳት ይቆጠራል። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም አልከፍልም ሊል ይችላል። ጋሼ ቀኑን አስልተው፣ እስከ መቼ መንዳት እንደምችልና ከመቼ ጀምሮ መሪ መንካት እንደሌለብኝ ነገሩኝ። ይህን ሁሉ በስልክ፣ ገና አንድ ሳንቲም ሳልከፍል።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅም ወደ እሳቸው ልኬ ነበር። የእሱ አገርና ያለንበት አገር ፈቃድ የመለዋወጥ ስምምነት አላቸው። እንዲህ ዓይነት ስምምነት ካለ ያለ ፈተና ወይም በቀላል ፈተና ፈቃዱን መለወጥ ይቻላል። ጋሼ የልጁን ፈቃድ አዩና፣ «አንተ እኔ ጋ ምንም ሥራ የለህም፤ ወረቀትህን አስተርጉመህ ሄደህ ለውጥ» ብለው አሰናበቱት። ተማሪ ሆኖ ሊከፍላቸው የመጣን ሰው! ስለ እሳቸው ከምናገረው ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዙልኝ እወዳለሁ።

ስለ ደላሎችም ልናገር። «ፈተና ሳትገቢ ፈቃዱን እጅሽ ላይ አደርግልሻለሁ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ኢንተርኔት ላይም በክፍያ ብቻ የሚገኝ፣ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል «ዓለም አቀፍ ፈቃድ» የሚሸጡ ሞልተዋል። ለጋሼ ሳነሳባቸው ፊታቸው ተለወጠ። ገንዘብሽ መሄዱ ትንሹ ነው አሉኝ። ሐሰተኛ ሰነድ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው፤ ስደተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ መዘዙ እስከ መኖሪያ ፈቃድ ሊደርስ ይችላል። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ነገር አትጠጉት።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ።

መንዳት የማያውቅን ሰው ማስተማርና ለዓመታት የነዳን ሰው ለፈተና ማዘጋጀት የተለያየ ሙያ ነው። ከጋሼ በፊት ሌላ አስተማሪ ሞክሬ ነበር። እንደ ጀማሪ ከፍሪሲዮን አጀመረኝ፤ ስለ ፈተናው ግን አንድም ነገር አልነገረኝም። ጋሼ መጀመሪያ ዝም ብለው አስነዱኝ። ምንም አላሉም። መኪናውን ካቆምን በኋላ፣ «መንዳት ትችያለሽ። ከእኔ የምትማሪው እንዴት እንደምትታዪ ነው» አሉኝ።

ይህ አነጋገራቸው የትምህርታቸው ሁሉ ሥር ነው። ፈታኙ የሚጽፈው ያየውን ብቻ ነው። ልምድ ያለው ሹፌር ስፖኪዮውን በዓይኑ ጫፍ አይቶ ያልፋል። ማየቱን እሱ ያውቃል፤ ፈታኙ ግን አያውቅም። ስለዚህ አንገት መንቀሳቀስ አለበት። ረድፍ ከመቀየር በፊት የውስጡ ስፖኪዮ፣ የጎኑ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ከዚያ በትከሻ በኩል ዞር ብሎ ማየት። የመጨረሻዋ ለፈታኝ ብቻ የምትደረግ አይደለችም። ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ አለ፤ ብስክሌት ወይም ሞተር እዚያ ገብቶ ሊጠፋ ይችላል። ጋሼ ይህን በቃል ብቻ አላስረዱኝም። እኔን መሪው ጋ አስቀምጠው፣ ራሳቸው ወርደው በመኪናው ጎን ቀስ እያሉ ተራመዱ። «የማልታይሽ ቦታ ስደርስ ንገሪኝ» አሉ። አንድ ሙሉ ሰው ከስፖኪዮ ውስጥ ሲጠፋ ማየት ያስደነግጣል። ከዚያ ወዲህ ዞር ሳልል ረድፍ ቀይሬ አላውቅም።

ሌላ ቀን ደግሞ ሞተር ሳናስነሳ ዋልን ማለት ይቻላል። መብራት የሌለው መስቀለኛ መንገድ ዳር ቆመን መኪኖቹን እናያለን። «ማን ይቅደም? ለምን?» ይሉኛል። እመልሳለሁ። ሌላ መኪና ይመጣል። እንደገና ይጠይቁኛል። ቅድሚያ የመስጠት ሕግ አገር በተቀየረ ቁጥር ከሁሉ በላይ የሚያደናግር ነገር ይመስለኛል። ጀርመንና ሌሎች ብዙ የአውሮፓ አገሮች ምልክት በሌለበት መገናኛ ላይ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ ከቀኝ የሚመጣው ከጠባብ የሰፈር መንገድ ቢሆንም። ብሪታንያ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም። አሜሪካ ውስጥ አራቱም ጎን የቁም ምልክት ያለበት መገናኛ ይገኛል፤ እዚያ ቀድሞ የደረሰና የቆመ ነው ቀድሞ የሚሄደው። ለረጅም ጊዜ የነዳ ሰው እግሩ የሚታዘዘው ለድሮው ሕግ ነው። ጋሼ አዲሱን ሕግ ዓይኔ እስኪለምደው ድረስ እዚያ ዳር አቆሙኝ። ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ትምህርት ይህ ነበር።

በቀኝ ሲነዱ ኖረው በግራ ወደሚነዳበት አገር ለሚሄዱ የሚሰጡት ምክርም አለ። እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ፣ ሕንድ፣ ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካና ሌሎችም በግራ ነው የሚነዱት። ምክራቸው አጭር ነው፦ የአገሩ መኪና ላይ ከሆንሽ ሹፌሩ ምንጊዜም ወደ መንገዱ መሃል በኩል ነው። አንቺ ወደ ጠርዙ ከሆንሽ የተሳሳተ ጎን ላይ ነሽ። ሰው የሚሳሳተው ደግሞ መኪና በበዛበት መንገድ ላይ አይደለም ይላሉ፤ እዚያ ሌሎቹን ይከተላል። የሚሳሳተው ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ ከነዳጅ ማደያ ሲወጣ፣ ወይም በማለዳ ገና ሐሳቡን ሳይሰበስብ ሲነሳ ነው።

ለጽሑፍ ፈተናው የአገሩን መንግሥት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግድ ነው። ጥያቄ መሸምደዱን ጋሼ አይወዱትም፤ ለእያንዳንዱ ሕግ ምክንያቱን በአማርኛ ያስረዳሉ። የቁም ምልክት ለምን ስምንት ማዕዘን እንደሆነ፣ የቅድሚያ ስጥ ምልክት ለምን ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። በረዶ ቢሸፍነውም፣ ከጀርባው ብታዪውም በቅርጹ እንድታውቂው ነው አሉኝ። የቁም ምልክት ላይ መንገዱ ባዶ ቢሆንም ጎማው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። ቅድሚያ ስጥ ላይ ግን የሚመጣ ከሌለ ሳይቆሙ ማለፍ ይቻላል። ልምድ ያለን ሰዎች የቁሙንም እንደ ቅድሚያ ስጥ አድርገን ቀስ ብለን ማለፍ ይቀናናል፤ ፈታኞች ደግሞ ይህን አጥብቀው ነው የሚጠብቁት።

የጽሑፍ ፈተናው አቆጣጠርም በየአገሩ ስለሚለይ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ብሪታንያ ከ50 ጥያቄ 43ቱን መመለስ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሌላ አደጋን ቀድሞ የማየት የቪዲዮ ፈተና አለ። ጀርመን ለጀማሪ 30 ጥያቄ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ የስህተት ነጥብ አለው፣ ከ10 ነጥብ በላይ ከተያዘ ወደቁ ማለት ነው።

አውቶማቲክ ወይስ ካምቢዮ ለሚለው፦ ብዙ አገር በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ካምቢዮ መንዳት አይፈቀድለትም። ወደፊት በሹፌርነት ለመሥራት የምታስቡ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት።

ወደ ተግባር ፈተናው ስንቃረብ ጋሼ ሌላ ሰው ሆኑ። «ከአሁን ጀምሮ ጋሼ የለም፣ ፈታኝ ነኝ» አሉና አማርኛውን ተዉት። ትእዛዙን ሁሉ በአገሩ ቋንቋ፣ ልክ ፈታኙ በሚናገርበት ቃልና ፍጥነት ይሰጡኝ ጀመር። ካልሰማሽ ድገሙልኝ በይ፣ ነውር የለውም አሉኝ። ወደ ቀኝ ተብለሽ ወደ ግራ ለመታጠፍ ረድፍ ይዘሽ ከሆነ፣ ሰው ላይ ዘለሽ አትመለሺ፤ በያዝሽው ረድፍ በሰላም ታጠፊ። እውነታቸውን ነው። ብሪታንያን ብንወስድ፣ አቅጣጫ መሳት በራሱ ስህተት ተብሎ አይያዝም፤ የሚያዘው አደገኛ አነዳዱ ነው። እዚያ እስከ 15 ትንንሽ ስህተት ይታለፋል፤ አንድ ከባድ ስህተት ግን ይጥላል። ይህን ማወቅ ልብ ያረጋጋል። መኪና ስታቆሙ ትንሽ ብትጠመዙ ፈተናው አላበቃም። ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያዋ ትንሽ ስህተት ሳይሆን፣ በእሷ ተረብሾ በሚሠራው በሁለተኛው ነው ይላሉ ጋሼ። በረጅም ዘመን ሥራቸው ያዩት ስለሆነ አምናቸዋለሁ።

በትምህርቱ መሃል ቁጣ ሰምቼ አላውቅም። ፍሬን ዘግይቼ ስይዝ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም። መኪናውን ዳር አስይዘው፣ «እስቲ ምን አየሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዓመታት የነዳ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ መገሰጽ ያሳፍረዋል፤ ይህን ያውቁታል። ልምዴን አክብረው ነው ያስተማሩኝ።

እውነቱን ለመናገር ለሁሉም ሰው አይሆኑም። መሪ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ብዙ ሰዓት ማስነዳት የሚችል የመንዳት ትምህርት ቤት ቢሄድ ይሻለዋል፤ እሳቸውም ይህንኑ ነው የሚናገሩት። ቶሎ ይሞላባቸዋል፣ ስለዚህ ወረፋ አለ። በሰዓት ቀልድ የለም። ያረፈደ ሰው ያረፈደበት ደቂቃ ከትምህርቱ ላይ ይቀነሳል። ደርሰሻል ሲሉ ደግሞ በቃ ነው፤ ተጨማሪ ትምህርት ልክፈል ብትሏቸው እሺ አይሉም። እኔ ለምኛቸው ነበር፤ «ገንዘብሽን ለኢንሹራንስ ያዢው» ብለው መለሱኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያንን ሁሉ ትዕግሥት ከየት እንዳመጡት አላውቅም። አሁን በማለዳ ሥራ የምገባውም፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰውም በእርስዎ ድካም ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። በሚቀጥለው ወር ታናሽ እህቴ ትመጣልዎታለች። አነዳዷ ጥሩ ነው፤ ሰዓት እንድታከብር ከወዲሁ አስጠንቅቄያታለሁ።