ኮሊንስ ባራክስ ሙዚየም፣ ደብሊን፦ የአባቴን ኮንጎ ያስታወስኩበት

ከሉዋስ (የደብሊን የከተማ ባቡር) ቀይ መስመር «ሙዚየም» ፌርማታ ላይ ስትወርዱ የድሮው የጦር ሰፈር ፊት ለፊታችሁ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። እኔ የሄድኩት የአየርላንድን ወታደሮች ታሪክ ለማየት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪ ጦር፣ ከጠቅል ብርጌድ ጋር ኮንጎ ዘምቶ ነበር፤ «አይሪሾቹ» እያለ ያወራልን ስለነበር እግሬ ወደዚያ ሳበኝ።

5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አየርላንድ ከ1958 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ከተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ተለይታ አታውቅም። በኅዳር 1960 ኮንጎ ውስጥ ኒዬምባ አጠገብ 9 ወታደሮቿ በደፈጣ ተገደሉ። በመስከረም 1961 ደግሞ እዚያው ኮንጎ ጃዶቪል ላይ 150 ያህሉ ተከበው፣ ጥይትና ውሃ እስኪያልቅባቸው ለአምስት ቀን ተዋጉ። አንድም አልሞተባቸውም። እጅ ሰጡ ተብለው ለብዙ ዓመታት የሚገባቸውን ክብር ማጣታቸው ዛሬም ያንገበግበኛል። በሊባኖስም ከ1978 ወዲህ ከ40 በላይ ሰው ገብረዋል።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። የኮንጎውን ሰላም አስከባሪ ጦር ይመራ የነበረው አየርላንዳዊው ጄኔራል ሾን ማክኦይን ነበር፤ በ1962 የተተካው በእኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነው! ይህን ለልጄ ስነግራት «አያቴም እዚያ ነበር?» አለችኝ። ነበር፣ የእኔ እናት።

ሁለት ሰዓት ያዙ፣ አንድ አይበቃም። ኮንጎ ወይም ኮሪያ የዘመተ አባት ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ቀስ ብሎ ይይ፣ አታጣድፉት።