ከ14 ወር በኋላ፦ ባለ 7 ኪሎው ልብስ ማጠቢያችን እና የፈረቃ ውሃ

ጥር ላይ ስንገዛው ሻጩ ደጋግሞ የነገረን ስለ ፕሮግራሞቹ ብዛት ነበር። 15 ናቸው። እስካሁን የተጠቀምነው ሦስቱን ነው። ቤታችሁ ውሃው እንዴት ነው ብሎ ግን አልጠየቀንም፤ እኛም አላነሳንለትም። በኋላ ያየነው ጣጣ አብዛኛው የመጣው ከዚሁ ነው።

ከፊት የሚከፈት፣ 7 ኪሎ የሚይዝ፣ በደቂቃ እስከ 1200 ዙር የሚጨምቅ ማሽን ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ የማወራው ችግር በማንኛውም ከፊት የሚከፈት ማሽን ላይ የሚደርስ ነውና። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከእናቴ ጋር አምስት ነን።

የመጀመሪያው ቀን ጭመቃ ላይ እየዘለለ ከግድግዳው ተነስቶ ወደ በሩ መጣብን። እናቴ አማተበች። ከኋላው አራት ቡሎኖች አሉ፤ ከበሮው በጉዞ እንዳይናወጥ ጠፍረው የሚይዙት እነሱ ናቸው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በኪያቤ መፈታት ነበረባቸው። ያመጡት ልጆች አልፈቱም፣ እኔም መመሪያውን አልገለጥኩም። ቡሎኖቹን ግን አትጣሏቸው፤ ቤት ስትቀይሩ መልሳችሁ ትገጥሟቸዋላችሁ።

እስከ ሰኔ ምንም አላለም። ሐምሌ ውስጥ ግን በጀመረ በጥቂት ደቂቃ ቀጥ ብሎ መጮህ፣ የቧንቧ ምልክቱንም ብልጭ ድርግም ማድረግ አመጣ። ውሃ አልገባልኝም ማለቱ ነው። ቧንቧውን ከፍቼ አየሁ፣ ውሃ አለ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። የጠራነው ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ «ጋሼ፣ ቦርዱ ሄዷል» አለኝ። የጠራው ዋጋ የማሽኑን ሲሶ ያህል ነበር። ላስብበት ብዬ ሸኘሁት።

ነገሩን የደረሰችበት እናቴ ናት። «ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚያኮርፈው እኮ የሮቶውን ውሃ ስትሰጡት ነው። የመስመሩ ሲመጣማ ይሠራል» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ተከታተልን፤ እውነቷን ነው። እስከ ሰኔ የምናጥበው ቅዳሜ ጠዋት፣ የመስመር ውሃ ባለበት ሰዓት ነበር። ሐምሌ ላይ ፈረቃችን ወደ ሌሊት ሲዞር ማሽኑ ሮቶ ላይ ወደቀ።

ውሃ ወደ ማሽኑ የሚገባው በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ትንሽ ቫልቭ ነው። ውስጡ ያለው ስስ ጎማ በደንብ እንዲከፈት ኤሌክትሪኩ ብቻ አይበቃውም፤ የውሃው ግፊትም ማገዝ አለበት። የእኛ መመሪያ ቢያንስ 0.5 ባር ይላል። 1 ባር ማለት ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ የውሃ ከፍታ ነው። በረንዳ ላይ በብረት መቆሚያ የተቀመጠው ሮቷችን ጢም ብሎ ሲሞላ እንኳ ውሃው ከማሽኑ መግቢያ ቢበዛ 2 ሜትር ከፍ ይላል፤ ይህ 0.2 ባር ነው። ባልዲ ይሞላል፣ ቫልቩን ግን አይከፍትም። ቦርዱ ጤነኛ ነበር።

በዚያ ላይ የክረምቱ ድፍርስ ውሃ አለ። ቱቦው ከማሽኑ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ወንፊት አለች። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ቧንቧውን ዘግቼ ቱቦውን በእጄ ፈታሁትና ወንፊቷን በፒንሳ ሳብኳት፤ በቡናማ ጭቃ ተደፍናለች። ባረጀ ጥርስ ብሩሽ አጥቤ መለስኳት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሁን በየሁለት ወሩ፣ ክረምት ላይ በየወሩ አደርገዋለሁ። ማሽናችሁ ውሃ አልገባኝም ካለ ጠጋኝ ከመጥራታችሁ በፊት ይቺን እዩ።

የሮቶውን ነገር ግን ወንፊት ማጠብ አይፈታውም። መጀመሪያ ያገኘነው ዘዴ ያስቃል፦ ማሽኑ ውሃ ሲጠብቅ የሳሙናውን መሳቢያ ከፍቶ በጆግ መጨመር። ይሠራል፤ ማሽኑ የሚለካው ከበሮው ውስጥ የደረሰውን ውሃ እንጂ ከየት እንደመጣ አይደለምና። ግን ሲያጥብ አንዴ፣ ሲያለቀልቅ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ጆግ ይዞ አጠገቡ መቆም ነው። ባለቤቴ «ሳፋችን ምን አጠፋ ታዲያ?» ብላኛለች፤ መልስ አልነበረኝም።

ቀጥሎ የማዘግያ ሰዓቱን አገኘነው። ከ15ቱ ፕሮግራሞች ሁሉ ለእኛ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ማታ 3 ሰዓት ልብሱን አስገብቼ ስድስት ሰዓት ቆይቶ እንዲጀምር አዘዋለሁ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የመስመሩ ውሃ ሲመጣ ይነሳል። ሁለት ወር በዚህ ኖርን። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ሌሊት ሌሊት እላያችን የሚነዳው ምንድን ነው?» እስኪሉኝ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው ቧንቧ ሲከፈት በራሱ የሚነሳ ትንሽ ፓምፕ የገዛነው። ከመስመሩ ላይ ሳይሆን ከሮቶው መውጫ ላይ አስገጠምነው። ከዚያ ወዲህ የቧንቧ ምልክቱ አልበራም።

ጥቅምት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ውሃው አልወጣ አለ። ይሄ የእኛው ጥፋት ነው። ከፊት፣ ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ትንሽ በር ስትከፍቱ የማሽኑ የራሱ ውሃ ማስወጫ ፓምፕ ማጣሪያ አለ። መጀመሪያ በአጠገቡ ባለችው ቀጭን ቱቦ ውሃውን ወደ ትሪ ቀስ አድርጋችሁ አውጡ፤ እኔ በቀጥታ ፈትቼው ኮሪደሩ በውሃ ተጥለቅልቋል። ውስጡ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም፣ የልጄ የፀጉር መያዣ፣ ከዚያ ደግሞ ገመድ የመሰለ የነጠላ ክር ነበር። አሁን ቁጢት ያለው ነገር ሁሉ በመረብ ከረጢት ውስጥ ነው የሚገባው።

ጋቢ ብቻውን አታስገቡ። ውሃ ጠጥቶ በአንድ ወገን ይከመራል፣ ማሽኑም ሚዛን አጥቶ ሳይጨምቅ ያቆማል። ሁለት ፎጣ ስንጨምርለት ተስተካክሏል። የእጅ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙናም አይሆንም፤ አረፋው ከመሳቢያው ገንፍሎ ወጥቶብናል።

መብራት ሲሄድ የእኛው ማሽን ካቆመበት ይቀጥላል፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ዲቫይደር ላይ ሰክተነው ግን ዲቫይደሩ ቀለጠ። ውሃ ሲያሞቅ ወደ 2000 ዋት ይስባል፤ የቴሌቪዥኑ ስታቢላይዘርም አይችለውም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ እርጥብ እጅ ሲነካው መንዘሩ ነው። ሶኬታችን የግራውንድ ሽቦ አልነበረውም፤ ማሽኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማጣሪያ የሚያሾልካት ጥቂት ኃይል መሄጃ አጥታ አካሉ ላይ ትቀራለች። ኤሌክትሪሻን አምጥቼ ግራውንድ አስገባሁ፣ መንዘሩ ጠፋ። ከፓምፑም በፊት መሠራት የነበረበት ይሄ ነው።

እጥበቱ ጥሩ ነው። የተማሪ ዩኒፎርምና አንሶላ ያለ ሐሳብ ይሰጠዋል፤ የሸሚዝ ኮሌታ ግን ቀድሞ በእጅ መታሸት ይፈልጋል። የበሩን ጎማ ሳላደርቅ ከተውኩት ይሸታል። የሳሙናው መሳቢያ ማቆሚያ ተሰብሮ መለዋወጫ ስላጣንለት በፕላስተር ተይዟል።

መልሰህ ትገዛው ነበር ወይ ለሚለኝ፦ የመስመር ውሃ ቀን ላይ ለሚያገኝ ወይም ፓምፕ ለሚያስገባ፣ አዎ። በሮቶ ብቻ ለሚኖር ሰው ግን ከላይ የሚከፈተውን፣ ማጠቢያውና መጭመቂያው የተለያየውን እመርጥለታለሁ፤ እሱ ግፊት አይጠይቅም፣ በባልዲም ይሞላል። እናቴ ነጠላዋን ለሁለቱም አትሰጥም። ዛሬም ቅዳሜ ጠዋት ሳፋዋን ይዛ በረንዳ ላይ ናት።