ከዚራ ያለው የሴቶች ነፃ የሕግ ምክር አገልግሎት

ባለፈው ወር የአክስቴን ልጅ ይዤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥ ቢሮ ሄጄ ነበር። ባሏ ይደበድባታል። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አስታርቀዋቸው ነበር፤ በመጨረሻው እርቅ ላይ ግን ከመካከላቸው አንዱ መምታት በቁርኣን የተፈቀደ ነው ብሎ ስለነገራት፣ ከስሳ ብትሄድ ሃይማኖቷን የካደች መስሏት ነበር።

ባለሙያዋ ሁሉም አንተና አንቺ በሚባባልባት ድሬ ሳይቀር «እርስዎ» እያለች በትዕግሥት ሰማቻት። በቁርኣን ሱረቱ ኒሳእ 34ኛ አንቀጽ ላይ ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) የሚከራከሩበትን እኔ አልዳኝም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሴትንም ሆነ አገልጋይን በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ ባለቤታቸው እናታችን አዒሻ አስተላልፋለች አለቻት። ከዚያ ወደ ሕጉ ገባች። ሚስትን መደብደብ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 መሠረት የሚያስቀጣ በመሆኑ ጉዳዩ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ እንጂ የቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) አይደለም።

ፍቺው ግን ሌላ ነው፤ ቢሮውን ለሌሎች እንድጠቁም ያደረገኝም እዚህ ላይ የሰጡት ማብራሪያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጋብቻን፣ ፍቺንና ቀለብን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ይህንኑ ፈቃድ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ መጥሪያ በአግባቡ ደርሷት ሳትቀርብ የቀረች ሴት እንደፈቀደች ትቆጠራለች፤ ስለዚህ የማትፈልግ ከሆነ ቀርባ አልፈቅድም ማለት አለባት እንጂ ቤቷ ተቀምጣ ዝም ማለት አይበጃትም። ምርጫው የገንዘብም ጉዳይ ነው። በሸሪዓ የባልና የሚስት ሀብት የየራሳቸው ሲሆን ሚስት በኹልዕ፣ ማለትም በራሷ ጠያቂነት፣ ልፈታ ካለች መህሯን (ባል ለጋብቻው የሰጣትን ጥሎሽ) ትመልሳለች፤ ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ግን በትዳር ውስጥ የተፈራው ንብረት በመሠረቱ የጋራ ነው። ይህን ሁሉ ካስረዳቻት በኋላ ባለሙያዋ አልመረጠችላትም። የአክስቴ ልጅም ድብደባውን ለፖሊስ፣ ኒካሁን (ጋብቻውን) ደግሞ ለቃዲ ለማቅረብ ወሰነች፤ ሌላ ቦታ ቢፈታ ልቤ አያርፍም አለች። እኔ ብሆን ንብረቱን አስቤ ሌላ እመርጥ ነበር፤ ትዳሩ ግን የእሷ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ቢሮው በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ የሚከፈት ሲሆን ምክሩ የሚሰጥበት ክፍል ከመጠበቂያው የተለየው በስስ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል። የሶማልኛ አስተርጓሚ የላቸውም። ከእኛ በፊት የገቡት እናት ያስተረጎሙት በልጃቸው ሲሆን ልጁ ስለ ገዛ አባቱ እያቀረቀረ ሲያወራ ሰምተናል፤ ይህን የሚያህል ነገር በቅድሚያ ሊታሰብበት ይገባ ነበር። ዛሬ ማታ የት ልደር ለሚለው ጥያቄም ከደብዳቤ ያለፈ መልስ የላቸውም፤ እኛ እናቷ ቤት ስላለ ተርፈናል።

የምትሄዱ ካላችሁ የኒካህ ወረቀቱን ኮፒና ከሆስፒታል የተሰጠውን የሕክምና ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ባዶ እጃችንን ሄደን ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሰናል።