ክንፉ የተበላ ዓሣ «ከነመድኃኒቱ» ሲሸጡላችሁ አትግዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ለቤታችሁ ወይም ለልጅ ስጦታ የጌጥ ዓሣ ለመግዛት ያሰባችሁ ሰዎች፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

እህቴ ለልጇ ልደት ፋይተር ገዛችለት። ቤታም ይባላል፤ ጭራው ረጅምና ደማቅ የሆነው ዓሣ ነው። ሱቁ «ሙሉ ፓኬጅ» ብሎ የሸጠላት ዓሣውን፣ ሁለት ሊትር እንኳ በቅጡ የማይዝ ክብ ብርጭቆ፣ ባለ ቀለም ጠጠርና የላስቲክ አበባ ነው። የጭራው ጠርዝ ተበጣጥሶ አይታ ስትጠይቅ ሻጩ «አይዞሽ፣ መንገድ ላይ ተንገላቶ ነው። ይሄን ነስነስ አድርጊበት፣ በሳምንት ይድናል» አላት። የሰጣት በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ቢጫ ዱቄት ነው። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ የአገልግሎት ጊዜ የለው። ሒሳቡ ለብቻው፤ ዋጋው ደግሞ ከዓሣው ይበልጣል። ዱቄቱ አልቆ ተመልሳ ስትሄድ «ሌላ ዙር ያስፈልገዋል» ተባለች። ድጋሚ ከፈለች።

እኔ ቤት ውስጥ ዓሣ ማሳደግ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሄጄ ሳየው በጣም ነው የተናደድኩት። ውሃው ቡኒ ሆኗል፣ ላዩ ላይ አረፋ ተጠራቅሟል። የጭራው ግማሽ የለም። የቀረው ጠርዝ ላይ ስስ ነጭ መስመር አለ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ቀያይ የደም ክሮች ይታያሉ። ዓሣው ክንፉን ሰብስቦ ታች ተጋድሟል።

የክንፍ ጉዳት ሁሉ አንድ አይደለም፤ መለየቱም ያን ያህል አይከብድም። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩና ጠርዙን እዩት። ክንፉ ቀጥ ብሎ ከተሰነጠቀ፣ ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ዓሣውም እየበላ የሚዋኝ ከሆነ ስለታም ነገር ቀዶት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የላስቲክ አበባው ነው። አሮጌ ስቶኪንግ ጎተት አድርጉበት፤ ስቶኪንጉን ከያዘው ክንፉንም ይቀደዋል። በግማሽ ክብ ተቦጭቆ ከሆነ ንክሻ ነው። ወይ አብሮት ያለ ዓሣ ነክሶታል፣ ወይ ራሱ፤ ቤታ የገዛ ጭራውን የሚነክስበት ጊዜ አለ። ጠርዙ ተበጣጥሶ ነጭ፣ ጥቁር ወይም ቀይ ከሆነና በየቀኑ ወደ ገላው እየተጠጋ ካጠረ ግን ክንፉ እየበሰበሰ ነው። ይሄኛው የባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ኤሮሞናስና ሱዶሞናስ የሚባሉት በብዛት ይገኙበታል። እነዚህ ከአኳሪየም ውስጥ ጠፍተው አያውቁም። ጤነኛ ዓሣ ይቋቋማቸዋል፤ ውሃው ሲበላሽ ነው የሚያሸንፉት።

ዓሣ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) አሞኒያ የሚባል መርዛማ ቆሻሻ ያስወጣል። የተረፈ ምግብም በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። ፊልተር (ውሃ ማጣሪያ) ባለው የቆየ አኳሪየም ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይህን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በቅጡ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚያች ብርጭቆ ውስጥ ፊልተርም የለ፣ ቦታም የለ። ብርዱም አለ። ቤታ ከታይላንድና ከአካባቢዋ የመጣ የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው፤ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል። በክረምት ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሂተር (ውሃ ማሞቂያ) የተቀመጠ ውሃ ከ20 በታች ይወርዳል። ብርጭቆውንና ዱቄቱን አብሮ የሚሸጥ ሰው በሽታውንም መድኃኒቱንም እየሸጠላችሁ ነው።

ዱቄቱን ከቀለሙ ተነስቼ ከካፕሱል የተገለበጠ ቴትራሳይክሊን ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ቴትራሳይክሊን ጠጣር ውሃ ውስጥ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ይጣበቅና ኃይሉን ያጣል። ብርሃን ሲያገኘውም ተበላሽቶ ይጠቁራል። በግምት የተነሰነሰ አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያውን ሳይጨርስ መድኃኒቱን ያለማምደዋል።

«ሌላ ዙር» የምትለዋን በተለይ ልብ በሉ። ክንፍ ማገገም ሲጀምር ጠርዙ ላይ ስስ፣ ጥርት ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ይወጣል። አዲሱ ክንፍ እሱ ነው፤ ቀለም የሚይዘው ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው በሽታው የተመለሰ ይመስለዋል። ደፈን ያለ ነጭና የተበጣጠሰ ከሆነ ስጉ፤ ጥርት ያለና ለስላሳ ከሆነ ግን ማንም «ገና አልዳነም» ብሎ ዱቄት አይሽጥላችሁ።

የእህቴን ዓሣ 20 ሊትር ወደሚይዝ ዕቃ አዛወርነው። ትንሽ ሂተርና የስፖንጅ ፊልተር ገባ። በየቀኑ ከውሃው ሩብ ያህሉን ቀየርን። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ስላለበት አንድ ቀን ሙሉ በባልዲ ክፍቱን አሳድረን፣ ሙቀቱን ከውስጠኛው ጋር አመሳስለን ነበር የምንጨምረው። ለ4 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ጨው ቀድመን እያሟሟን አደረግን፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ። ጨው አይተንም፤ ስለዚህ የሚጨመረው ለተቀየረው ውሃ ልክ ነው። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ይለቅለቅ፤ በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ትጨርሷቸዋላችሁ። መብራት ሲጠፋ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሉት፤ አፉን ግን አትድፈኑት፣ ቤታ ከላይ አየር እየወሰደ ነው የሚተነፍሰው።

ነጩ መስመር ጠፍቶ አዲሱ ክንፍ ብቅ ብሏል። ሙሉ ጭራ ለማውጣት ወራት ሊወስድበት ይችላል። ውሃው ተስተካክሎም መበስበሱ ወደ ገላው ከቀጠለ ያኔ መድኃኒት የግድ ነው። ስሙና መጠኑ የተጻፈበትን ግዙ፣ የእንስሳት ሐኪምም ጠይቁ። የክንፉ ሥር ከተበላ መልሶ አይበቅልም።

እህቴ ገንዘቧን ልታስመልስ ስትሄድ «ደረሰኝ አምጪ» አሏት። ደረሰኝ አልሰጧትም ነበር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዓሣው ፊታችሁ ምግብ ይብላ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ያሉትንም ሌሎች ዓሦች ክንፍ እዩ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። ስም የሌለው ዱቄት ካወጡላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። እኛም አመልክተናል።