ለሚመላለስ ሰው የተሠራ ጫማ፦ የባድሚንተን ጫማ በዋርድም በሜዳም

ረዥም ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ፍርዴን ላስቀድም። ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚውል ሰው የሩጫ ጫማ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የሜዳ ጫማ ነው። ዝቅ ያለ፣ ጎኑ ጠንከር ያለ፣ ሶሉ መሬት የሚይዝ። እኔ የባድሚንተን (ላባ ያላትን ኳስ በራኬት እየመቱ በመረብ ላይ የሚያሻግሩበት ጨዋታ) ጫማ ነው የማደርገው። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን ነጥብ ለምን እንደነፈግኩት ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

የሠሪውን ስም አልጠራም። እዚህ ላይ ከስሙ ይልቅ አሠራሩ ነው የሚወስነው። አሠራሩን ካወቃችሁ የማንንም ጫማ ገልብጣችሁ፣ አጥፋችሁ አይታችሁ ራሳችሁ መፍረድ ትችላላችሁ።

ነርስ ነኝ፤ የምውለው ዋርድ፣ ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬን የማያውቅ ሰው ሁሉ "ብዙ ትራመጃለሽ አይደል?" ይለኛል። እራመዳለሁ፣ ግን የሚያደክመኝ እሱ አይደለም። ግሉኮስ ልሰቅል ስል ፕላስተር አልቋል፤ እመለሳለሁ። ፕላስተሩን ይዤ ልደርስ ስል ጥግ ላይ የተኙት አባት "ልጄ፣ እስኪ አንዴ" ይሉኛል፤ ወደ እሳቸው እዞራለሁ። ገና ትራሳቸውን ሳላስተካክል ከኋላዬ የሌላ አልጋ ደወል ይጮኻል። አሁንም ዙር። ቀጥ ብዬ የምሄድበት ርቀት ይኼ ነው አይባልም። የበዛው መነሳቱ፣ መቆሙና መዞሩ ነው። ቤት ስገባ ደግሞ አንዱ ከወዲያ "እማዬ!"፣ አንዷ ከወዲህ "እማዬ!"። ማታ ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ባድሚንተን እንጫወታለን። መዝናኛዬም መመላለስ ሆኖ አረፈው።

እጄ ላይ ያሰርኩት ሰዓት እርምጃዬን ይቆጥራል። በነገራችን ላይ ያቺ በየቦታው የምትጠቀሰው 10,000 እርምጃ ከሐኪም ትእዛዝ የመጣች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነበረች። ማለፊያ ስም ነው፣ ሸጧል። ግን ሰዓቴ ስንት እንደተራመድኩ እንጂ ስንቴ ቆሜ እንደዞርኩ አይነግረኝም። ጫማ የሚያልቀውና እግር የሚዝለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ልዩነቱን በራሱ እግር ማየት የሚፈልግ ሰው 20 ሜትር ይለካ። በሁለቱም ጫፍ መስመር ያስምርና በድምፅ ምልክት ይመላለስ። ይህ ሉክ ሌዤ የተባለው የካናዳ፣ የሞንትሪያል ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ፈተና ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤት እስከ ፖሊስ ምልመላ በየአገሩ ይሠራበታል። በብዛት በሚታወቀው አኳኋኑ ፍጥነቱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ይነሳና በየደቂቃው በ0.5 ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ያስቃል። 20 ሜትሯን ለመጨረስ ስምንት ሰከንድ ተኩል ገደማ አለህ፤ ወሬ እያወሩ ይደረስበታል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ግን ስድስት ሰከንድ ተኩል ብቻ ነው የሚቀርህ፤ ወሬውም ይቆማል።

እስቲ አስሉት። ስድስቱን ደቂቃ የጨረሰ ሰው የሮጠው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ መሮጥ ብዙ ሰው አይከብደውም። ይኸኛው ግን በመሀሉ ወደ 50 ጊዜ ገደማ ቆሞ ዞሯል። በእያንዳንዱ ዙር ላይ ሰውነቱን ከነፍጥነቱ አቁሞ፣ ከዜሮ እንደገና ማስነሳት አለበት። ልቡ ብቻ ሳይሆን ጭኑም ጭምር ነው የሚለፋው። ለመቆም ስንል የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው። በማግስቱ ደረጃ ስንወርድ "ወይኔ!" የሚያሰኘንም ይኸው ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይብሳል። ይህንን ምንም ጫማ አያድናችሁም። እናድናለን የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ጫማ የሚያግዘው ዙሩ ላይ ነው። የሩጫ ጫማ ወደ ፊት ለሚሄድ ሰው ነው የተሠራው። ወፍራም ስፖንጅ አለው፤ ተረከዙ ከፊቱ ከፍ ይላል። ስፖንጁ እየወፈረ ከመሄዱ የተነሳ የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ እስከ መገደብ ደርሷል። ቀጥ ላለ መንገድ ግሩም ነው። ወደ ጎን ቆርጣችሁ ስትዞሩ ግን ያ ሁሉ ስፖንጅ በአንድ በኩል ይሟሽሻል፤ እግራችሁ ፍራሽ ጠርዝ ላይ እንደቆመ ሰው ይዋልላል። ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እንዲህ ሲሆን ነው። ዋርዳችን ውስጥ የሩጫ ጫማ ከሚያዘወትሩት አንዱ ጫማው ላይ ቆሞ ሲዞር ከኋላው እዩት፤ ተረከዙ ወደ ውጭ ጋደል ሲል በዓይን ይታያል።

አሁን የኔን ጫማ እንገልብጠው።

ሶሉ ቡናማ ጎማ ነው፤ በጣት ሲነካ ሙጫ ሙጫ ይላል። የሚይዘውም ለዚህ ነው። መሬት ላይ ጥቁር መስመር አይተውም፤ ቤት ውስጥ ሜዳ ላይ ይህ ግዴታ ነው። ለዋርዱ ወለልም ቢሆን የጽዳት ሠራተኞቹ ያመሰግኑኛል። ከሥር ያለው ስፖንጅ ስስ ስለሆነ እግሬ ለመሬት ቅርብ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ሶሉ ከጫማው ወጣ ብሎ ሰፍቷል። ቀላል ነገር ትመስላለች፣ ግን ወደ ጎን ስትወረወሩ እግራችሁ እንዳይገለበጥ የምትይዘው እሷ ናት። ተረከዙን የሚያቅፈው ክፍል ውስጡ ጠንካራ ነው፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው አይታጠፍም። ጫማ ቤት ገብታችሁ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን ሞክሩ። ተረከዙ እንደ ካልሲ የሚታጠፍ ከሆነ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ሌላው ሙከራ ጫማውን ጫፍና ጫፉን ይዞ ማጠፍ ነው። መታጠፍ ያለበት ጣቶች የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ነው። መሀሉ ላይ ከታጠፈ አይሆንም። እንደ ጨርቅ ሊጠመዘዝ ከቻለም አይሆንም።

ዋርድ ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያየሁት ኮሪደሩ ጥግ ላይ ነው። ከመድኃኒት ክፍሉ ወጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ ጥግ አለን፤ ትሪ ይዞ ለሚያልፍ ሰው አደገኛ ነው። በፊት እዚያ ስደርስ ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ሁለት ትናንሽ እርምጃ ጨምሬ ነበር የምዞረው። አሁን አንድ እግሬን ተክዬ እዞራለሁ። ትሪው ላይ ያሉት ብልቃጦች አይንኳኩም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "አንቺ ዛሬ ደግሞ ተንሳፍፈሽ ነው እንዴ የምትሄጂው?" ብላ ስቃብኛለች። በሌላ በኩል ድምፁ! ወለሉ በደንብ ሲጸዳ ጎማው ጭው ጭው ይላል። ሌሊት ተረኛ ስሆን ታካሚ እንዳልቀሰቅስ በጣቴ ነው የምሄደው። ኃላፊያችን ሲስተር አንድ ሌሊት "ልጄ፣ አይጥ የገባ መስሎኝ ነበር" ብለውኛል።

የምር መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ድምፁን አይደለም። የባድሚንተን ጫማ ለደረቅ ወለል ነው የተሠራው። ወለሉ ሲታጠብ ያ ሙጫ የነበረ ጎማ ያዳልጣል። እርጥብ መሬት ላይ የሚውል ሰው፣ ወጥ ቤት የሚሠራ ወይም ዕቃ ማጠቢያ አካባቢ የሚቆም፣ ማዳለጥን ለመከላከል ተብሎ የተሠራ የሥራ ጫማ ይግዛ። የኔ ምክር ለእሱ አይሆንም። ሁለተኛ ነገር፣ አብዛኛው የባድሚንተን ጫማ ላዩ መረብ መሳይ ጨርቅ ነው። ለጨዋታ አየር ያስገባል። ለሆስፒታል ግን ደምና ፈሳሽም ያስገባል፤ መርፌም ከወደቀ አይመክትም። ስለዚህ ለሥራ የመረጥኩት ላዩ በሰው ሠራሽ ቆዳ የተሸፈነውን፣ በፀረ ጀርም ተወልውሎ የሚጸዳውን ነው። እግር ያሞቃል። ይሙቅ። የሥራው ጫማ ከሥራ አይወጣም፣ የጨዋታው ለብቻው ቦርሳ ውስጥ ነው። ሁለት ጥንድ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህ እንደ ወጪም ይቆጠር።

ሜዳ ላይ ጫማው ቤቱ ነው። የባድሚንተን ሜዳ ርዝመቱ 13.4 ሜትር ነው፤ የነጠላ ጨዋታ ስፋቱ 5.18። የአንድ ሰው ድርሻ ግማሹ ነው፤ መረቡ ጋ ደርሶ ወደ ኋላ መስመር ለመመለስ ከሰባት ሜትር ያነሰ ማለት ነው። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ቦታው የጠበበ ይመስላል። ገብቶ የሞከረው ያውቃል። ኳሷ መረቡ ሥር ስትወድቅ ቀኝ እግሬን አርቄ እወረወራለሁ፤ ደርሼ ሳልጨርስ ወደ ኋላ መግፋት አለብኝ። እዚህ ጋ ነው ጫማው የተከፈለበትን ዋጋ የሚያወጣው። ተረከዜ ሲያርፍ ጠርዙ ክብ ስለሆነ አይናጥም፣ መሬቱን ይይዛል፣ መልሶ ያስነሳኛል። አንዳንዴ ሜዳው አቧራ ይይዝና መያዙ ይቀንሳል። እርጥብ ጨርቅ ዳር ላይ አስቀምጡና በየመሀሉ ሶሉን ጥረጉት። በእጅ መጥረግ የሚወዱም አሉ፤ አልመክርም፣ ያው እጅ ራኬት ይይዛልና።

ጫማው የሚያልቅበትን ቦታ ላሳያችሁ። የግራው ጫማዬ ከአውራ ጣቱ በኩል፣ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ፣ ተልጦ ጨርቁ ታይቷል። ቀኙ ደህና ነው። ምክንያቱ ቀኝ እጄ ነው። በቀኝ የሚጫወት ሰው ቀኝ እግሩን ወርውሮ ግራውን ከኋላ ይጎትታል፤ ወለሉን የሚፍቀው የግራው ጣት ነው። ጥሩ ጫማ እዚያ ቦታ ላይ ተጨማሪ ጎማ ተለጥፎለታል። የኔ ላይ ያለው አጭር ነው፤ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ቢረዝም ኖሮ አይላጥም ነበር። ሠሪዎቹ ይህን አጥተውት አይደለም፤ ሰስተው ነው።

አሁን ወደ ነፈግኩት ነጥብ። ጫማው መቆም አያውቅም። መመላለስ ሲቆምና ቀጥ ብሎ መቆም ሲጀመር፣ በተለይ ረዥም ሕክምና ሲሠራ አጠገብ ሆኜ ስረዳ፣ ያ ስስ ስፖንጅ ተረከዜን ያስጨንቀዋል። ሺፍት ሲያልቅ ተረከዜ ሥር ይጠዘጥዘኛል። ወፍራም የውስጥ ሶል ጨምሩበት የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ሞክሬዋለሁ፤ ተረከዝን ያሳርፋል፣ ግን እግርን ከፍ ስለሚያደርገው ያ ጠንካራው የተረከዝ ክፍል በቅጡ አይዝም። በአንድ በኩል ላገኛችሁት በሌላ በኩል ትከፍላላችሁ። እኔ ከጫማው ጋር የመጣውን የውስጥ ሶል አውጥቼ ትንሽ ብቻ የሚወፍር ተክቼበታለሁ፤ ከመጨመር መተካቱ ይሻላል። ቀኑን በመቆም የሚያሳልፍ ሰው፣ ለምሳሌ ገንዘብ ተቀባይ ወይም መምህር፣ ይህን ጫማ ባይገዛ ይሻለዋል።

የሚገዛ ካለ ማታ ይግዛ፤ እግር ቀኑን ሲውልበት ያብጣል፣ ጠዋት የልኩ የሆነው ማታ ይጠባል። ከረዥሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ቦታ ይኑር። ስትቆሙ እግር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት፣ ቦታ ከሌለ ጥፍር ይጠቁራል። ከላይ ጫፍ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው ክር የማያስገባባት ትርፍ ቀዳዳ አለች። ክሩን እዚያ አስገብታችሁ በየጎኑ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፣ የወዲያኛውን ጫፍ በወዲህኛው ቀለበት አሳልፋችሁ ሳቡት። ተረከዛችሁ ከዚያ በኋላ አይነሳም። ይህቺ ብቻዋን ግማሽ ነጥብ ታስጨምራለች።

ልጄ አይቶ "ለኔም" ብሎኛል። አልገዛሁለትም። እሱ ሲሯሯጥ የሚውለው ደጅ፣ አስፋልትና ኮረት ላይ ነው፤ ይህ ለስላሳ ጎማ እዚያ ቶሎ ይበላል። ለእሱ የሚሆነው ሶሉ ጠንካራ የሆነ የቴኒስ ጫማ ነው፤ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፣ ጎማው ግን ለሻካራ ሜዳ የታሰበ ነው። እሱን ሲጨርሰው ደግሞ ስለ እሱ እጽፋለሁ።