ቲክቶክ ወይስ ቴሌግራም? ዶርም ውስጥ ዜና የሚገባበት በር

ጅማ ላይ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዶርም ውስጥ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። አንዱ ቲክቶክ፣ ከጎኑ ያለው ቴሌግራም። የአንድ ክፍል ልጆች ናቸው። የሰሙት ዜና ግን ለየቅል ነው።

ቲክቶክ ማንን እንደምትከተል ብቻ አያይም። የቱ ቪዲዮ ላይ እንደቆየህ፣ የቱን ደግመህ እንዳየህ፣ የቱን ቶሎ እንዳለፍክ ይቆጥራል። ስለ ቡና ዋጋ የሚያወራውን እስከ መጨረሻው ካየህ፣ ነገም ቡና ይመጣልሃል። ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ተናደህ ያየኸውም ያው ማየት ነው። ማሽኑ ንዴትህን ከፍቅርህ አይለይም። ፌስቡክም በ2018 እ.ኤ.አ. ኮሜንትና ሼር ለሚያስነሳ ፖስት የበለጠ ክብደት ሰጥቷል። ጭቅጭቅ ደግሞ ኮሜንት አያጣም።

የቴሌግራም ቻናል በሰዓቱ ቅደም ተከተል ይመጣል። መራጩ አንተ ነህ። ያው፣ የምትስማማባቸውን ቻናሎች ብቻ ከያዝክ አጥሩን ራስህ አጠርከው ማለት ነው። ፎርዋርድ የሚደረገው ወሬም አለ። በቀደም «ፈተናው ተራዝሟል» የሚል ጽሑፍ ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ቀኑን ሳይ የአምና ነው!

ለዜና ቴሌግራምን እመርጣለሁ። ከየት እንደተላከ ብዙ ጊዜ ከላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ነካ አድርጎ ወደ ምንጩ መሄድ ይቻላል። ቲክቶክ የሚበልጠው ፈልጌ የማላገኘውን ነገር በማምጣት ነው። እሱንም ከምሳ በኋላ፣ ቡናው እስኪፈላ አያለሁ።